ጣት በሱቅ አይሸጥም

ማኑቬላ የሚባለውን ነገር የምናስታውስ ሰዎች ቁጥራችን እየመነመነ ነው። የድሮው ሾፌር ረዳቱን ከመኪናው ፊት አቁሞ ያንን ቆልማማ ብረት ከማስዞሩ በፊት አንድ ነገር ያስተምረው ነበር፤ «አውራ ጣትህን ከአራቱ ጋር በአንድ ወገን አድርገው፣ ብረቱን አትጨብጠው!» ይለዋል። ሞተሩ ወደ ኋላ ከመለሰ አውራ ጣት ይሰብራልና። አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ የእኛ መካኒኮች ሞተሪኖ የሚሉትን የኤሌክትሪክ ማስነሻ እ.ኤ.አ. በ1911 ሠርቶ፣ ለ1912 ካዲላክ ከተገጠመ ወዲህ ግን ማኑቬላ ቀስ በቀስ ተረሳ።

ታዲያ ይህን ዛሬ ምን አመጣው? እዚህ ሆላንድ ከሚያድጉት ልጆቻችን አንዳንዶቹ በሜታኖልና በቤንዚን የሚሠሩ ትንንሽ አውሮፕላኖች ፍቅር ይዟቸዋል። አባቶችም አብረው ሜዳ ይወጣሉ። መልካም ነው። ነገር ግን የአሻንጉሊት ሞተር አሻንጉሊት አይደለም፤ 10 ሲሲ የማትሞላው ሞተር በደቂቃ ከ10,000 ጊዜ በላይ ትዞራለች። ሮተርዳም የሚኖር አንድ ወዳጄ ፕሮፔለሩን በጣቱ እየመታ ሊያስነሳ ሲል ሁለት ጣቱ ተተልትሎ ስድስት ሳምንት ከሥራ ቀረ። ሥራው ምግብ ቤት ውስጥ ሽንኩርት መክተፍ ነው። «ሞተሪኖውን እኮ ለሚቀጥለው ወር ብዬ ነበር» አለኝ። የእኛ የስደተኞቹ ዲግሪ መሳቢያ ውስጥ፣ እንጀራችን ግን ጣታችን ላይ ነው።

ለመሆኑ ሞተሪኖ ሲገዛ ምን ይታያል? መጀመሪያ ጉልበቱ። ስንት ሲሲ ሞተር እንደሚያስነሳ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። ዛሬ 6 ሲሲ የያዘ ልጅ ነገ 15 ያምረዋልና አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን መግዛት ይሻላል። ከ20 ሲሲ በላይ ለሆኑት የቤንዚን ሞተሮች ደግሞ ፍጥነቱን በማርሽ ቀንሶ ጉልበት የሚጨምረው ዓይነት ያስፈልጋል። ቀጥሎ ባትሪው ነው። አብዛኞቹ 12 ቮልት ናቸው፤ ባትሪው ከደከመ ወይም ሽቦው ከቀጠነ ግን ጎበዙ ሞተሪኖ ሳይበላ የዋለ በሬ ይሆናል። አምስተርዳም ዋተርሎፕላይን ገበያ አሮጌ ያገኘ ሰው ከፊት ያለውን ጎማ ይጫነው፤ ደርቆ ከተሰነጠቀ ይንሸራተታል፣ ይተወው።

ዙሩንም ማየት ነው። የአውሮፕላን ሞተር ከፊት ለሚያየው ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ነው የሚዞረው። ቀዩና ጥቁሩ ሽቦ ከተለዋወጡ ሞተሪኖው ወደ ኋላ ይዞርና የፕሮፔለሩን ብሎን ሊፈታው ይችላል።

ጉልበት የራሱ ጣጣ አለው። ሲሊንደሩ ነዳጅ ከጠገበ፣ ፈሳሽ አይጨመቅምና ኃይለኛ ሞተሪኖ ቢየላውን ያጎብጠዋል። ስለዚህ ካንዴላው ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ፕሮፔለሩን በእንጨት ቀስ አድርጎ ማዞር፤ እምቢ ካለ ካንዴላውን ፈትቶ ነዳጁን ማፍሰስ። ሲነሳም አንዱ አውሮፕላኑን ከኋላ ጥርቅም አድርጎ ይያዝ፤ ከተነሳ በኋላ ማንም ሰው ከፕሮፔለሩ ፊትም ጎንም አይቁም። ሞተሪኖ የእጅን ሥራ ይተካል እንጂ የጭንቅላትን አይተካም።

ደግሞ በየመናፈሻው አይበረርም። አምስተርዳም አጠገብ ስኪፖል አለ፤ በሮተርዳምና በዴን ሃግ መካከልም ሌላ አየር ማረፊያ አለ። ከ2020 ማብቂያ ጀምሮ በአውሮፓ ሕግ 250 ግራምና ከዚያ በላይ የሚመዝን የሚያበር ሰው መመዝገብ አለበት፤ እዚህ የሚመዘግበው ኤር ዴ ዌ ነው። ስለዚህ ክለብ መግባት ይበጃል። እዚያ ያሉት ሽማግሌ ደቾች ሞተሪኗቸውን ያስሞክራሉ፤ ገንዘብ ሳይወጣ የሚስማማው ይታወቃል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ!

አባቶች ሆይ፣ የልጃችሁ ልደት ሲደርስ ሞተሪኖውን አስቀድሙ፤ ተራው ዓይነት ከአንድ ቀን ደመወዝ ብዙ አይርቅም። አውሮፕላኑ ይቆያል።

ቸር ይግጠመን።