በረዶ የቆፈረው ሸለቆ፥ ደን የሚጠብቀው ወንዝ

«ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» የሚለውን ተረት የሰማነው በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን፥ ከትግርኛ ቀጥለን አማርኛን ስንማር ነው። ትርጕሙ ታላቁን ነገር ያላየ ሰው በትንሹ ይደነቃል ማለት ነው። አኹን ለመንግሥት ሥራ በናይሮቢ ስንቀመጥ ግን፥ ዓባይን ያየ ሰውም ምንጭን ማመስገን እንደሚገባው የሚያስረዳ ነገር አገኘን።

ናይሮቢ የሚለው ስም ቀዝቃዛ ውሃ ከሚል የማሳይ ቃል የመጣ ነው። ሰማዩ በጠራ ጧት፥ ከከተማው በስተሰሜን 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ ቁመቱ 5,199 ሜትር የኾነው የኬንያ ተራራ ይታያል። በዕረፍታችን ወራት ከቤተ ሰባችን ጋር በናሮ ሞሩ በኩል ወጥተን ቴሌኪ የሚባለውን ሸለቆ ጐበኘን። ሸለቆው እጅግ ሰፊ ነው፤ በመካከሉ የሚወርደውን የናሮ ሞሩን ወንዝ ግን ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጡ መሻገር ይቻላል። የበኵር ልጃችንም «ይህ ትንሽ ውሃ ይህን የሚያህል ሸለቆ እንዴት ቆፈረው?» ሲል ጠየቀን።

ሸለቆውን እንዲህ ያሰፋው ወንዙ አይደለም። ከ20 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ተራራውን ወፍራም የበረዶ ግግር ሸፍኖት ነበር። ግግሩ እንደ ዐለት የጠና ቢመስልም፥ በገዛ ክብደቱ እየተገፋ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ከሥሩ የያዛቸው ድንጋዮችም እንደ ሞረድ ኾነው መሬቱን ይፍቁታል። ስለዚህ ውሃ ብቻውን የቆፈረው ሸለቆ ከታች ጠባብ ሲኾን፥ በረዶ የፋቀው ግን ወለሉ ሰፊ፥ ግድግዳው ቀጥ ያለ፥ ገንዳ የሚመስል ነው። በረዶው እየቀለጠ ሲሸሽ ያመጣውን ድንጋይና አፈር ከምሮ ተወው። የቀለጠውም ውሃ ባንዳንድ ስፍራ በክምሩ ታግዶ ሐይቅ ኾነ፤ በሌላው ስፍራ ክምሩን ሰብሮ አዲስ መንገድ አወጣ። የዛሬው ወንዝ ከአባቱ ሰፊ ቤት እንደ ወረሰ ልጅ ነው።

ልጃችንም ቀጥሎ «በረዶው ሲያልቅ ወንዙስ?» አለ።

ለዚህ መልሱን ያገኘነው ከአገራችን ነው። ከ42 ሺህ እስከ 28 ሺህ ዓመት በፊት ባለው ዘመን፥ በባሌ ተራሮች ሐርቻና ዋሳማ የሚባሉት ሸለቆዎች ግግር በረዶ ነበረባቸው። ዛሬ በባሌ አንድም ግግር የለም፤ ወይብና ገናሌ ግን እስከ ዛሬ ወደ ቆላው ይወርዳሉ። የሚመግባቸው ዝናብ ነው፤ ዝናቡንም አምቆ ቀስ በቀስ የሚለቅላቸው የደጋው ረግረግና ደን ነው።

የኬንያ ተራራም ወደዚሁ እየደረሰ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ 18 ያህል ግግሮች ነበሩበት። ሉዊስ የሚባለው ግግር ብቻ ከ1934 እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ ከይዘቱ 90 በመቶ ያህሉን አጥቷል። ኾኖም የወንዙ ውሃ አብዛኛው ከዝናብና ከደን ምንጮች የሚገኝ ስለ ኾነ፥ የበለጠ የሚያሠጋው የደኑ መጥፋት ነው።

ናሮ ሞሩ ወደ ኢዋሶ ንጊሮ ይገባል። በበጋ ከላይ ያለው ገበሬ ውሃውን ለመስኖ ሲጠልፈው፥ በሳምቡሩና በኢሲዮሎ ያለው ከብት አርቢ የሚያገኘው ደረቅ አሸዋ ነው፤ በዚህም ምክንያት ጠብ ተነሥቷል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የኬንያ የውሃ ሕግ የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር እንዲቋቋም ስለ ፈቀደ፥ የላይኛውና የታችኛው ሰው አብሮ ተቀምጦ የሚመክርበት መንገድ ተገኘ።

የናይሮቢም ውሃ አብዛኛው የሚመጣው ደን ከለበሱት ከአበርዴር ተራሮች ነው። የኔሪ ተወላጅ የኾኑት ወይዘሮ ዋንጋሪ ማታይ ይህን ነገር አስቀድመው ስለ ተረዱ፥ በ1977 ዓ.ም. የአረንጓዴ መቀነት ንቅናቄን መሥርተው የገጠር ሴቶችን ዛፍ አስተከሉ፤ በ2004 ዓ.ም. የኖቤልን የሰላም ሽልማት ተቀበሉ።

በረዶውን ለመመለስ ለጊዜው ሥልጣን የለንም፤ ደኑን ለመጠበቅ ግን አለን። እንግዲህ እኛ የመንግሥት ሠራተኞች፥ ደን ለመመንጠር ፈቃድ የሚጠይቅ ማመልከቻ በጠረጴዛችን ላይ ሲቀርብ፥ ስማቸው በወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ፥ ከወንዙ በታች የሚኖሩ ሰዎች መኖራቸውን ሳንዘነጋ ፊርማችንን ልናኖር ይገባናል።