ወገባችሁን ለማን ትሰጣላችሁ?

ቡናው እስኪፈላ ስለ ወገብ እንጫወት። ተጂ ላይ ይህን ወሬ አንድ ሰው ከጀመረው የማይጨምርበት የለም። የበቾ ሜዳ የጤፍ አገር ነዋ! ጤፍን ጎንበስ ብለው ያርሙታል፣ ጎንበስ ብለው ያጭዱታል፣ ተወቅቶ ኩንታል ሲሞላ ደግሞ ሰው ትከሻ ላይ ይወጣል። ሰበታ ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውል አለ። ቡራዩ በማለዳ የታክሲ መጨረሻ ወንበር ላይ ታጥፎ አዲስ አበባ የሚገባ አለ። በሱሉልታ በኩል ደግሞ ከእንጦጦ ጫካ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አሉ፤ ሸክማቸው ከ30 ኪሎ ያልፋል፣ አንዳንዴ ከራሳቸው ክብደት ብዙም አያንስም። እኛ ዙሪያውን ያለን ከተሞች ለአዲስ አበባ ጤፍ፣ ወተት፣ ማገዶና ጉልበት እንልካለን። የላክንበት ወገብ ግን እኛው ጋ ይቀራል።

ታዲያ ወገብ ሲይዝ የት ይኬዳል? አንዱ ወጌሻ ቤት ይሄዳል፣ አንዱ ዋግምት ይታገማል፣ አንዱ ጠበል ይገባል። ገንዘብም ጊዜም ያለው በጅማ መንገድ ቀጥ ብሎ ወሊሶ ፍል ውሃ ይዘፈዘፋል። ብዙው ሰው ግን ፋርማሲ ገብቶ «ዲክሎ ስጠኝ» ይላል። ሰሞኑን አንድ ሌላ አማራጭ ተጨምሯል፤ በስልክ የምናየው ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው፣ ታማሚውን በጎኑ አስተኝቶ ድንገት ሲጫነው «ቋ!» የሚያሰኘው። ካይሮፕራክተር ይሉታል። ከዋሽንግተን የመጣ ዘመድ ካላችሁ ስሙን ሰምታችኋል፤ እዚያ መኪና ሲገጨው በመጀመሪያ ለጠበቃ፣ ቀጥሎ ለካይሮፕራክተር የሚደውል አበሻ ሞልቷል። አሁን አዲስ አበባም ውጭ ተምረው የመጡ ጥቂቶች አሉ። እናም ጥያቄው ተጂ ድረስ መጥቷል፦ ወገቤን፣ ራሴንም ጭምር፣ ለዚህ ሰው ልስጥ ወይ?

የሙያው አጀማመር ራሱ ጥሩ ጨዋታ ነው። መሥራቹ ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር ካናዳ ተወልዶ አሜሪካ የገባ ሰው ነው። ንብ አርብቷል፣ ሸቀጥ ነግዷል፣ በመጨረሻ «በመግነጢስ ኃይል እፈውሳለሁ» ብሎ በአዮዋ ግዛት ዳቨንፖርት ከተማ ቢሮ ከፈተ። በዚያው ሕንፃ ሃርቬይ ሊላርድ የሚባል ጥቁር የጽዳት ሠራተኛ ነበር፤ ጆሮው መስማት ካቆመ 17 ዓመት ሆኖታል። ፓልመር እንደሚተርከው፣ ሰውየው ጎንበስ ብሎ ሲሠራ ጀርባው ላይ አንድ ነገር «ቀጭ» ካለ ወዲህ ነው የደነቆረው። ፓልመር ጀርባውን ዳሰሰ፣ የወጣ የሚመስል አጥንት አገኘ፣ ገፋው፣ ሰውየውም ሰማ። ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 18 ቀን 1895 ነው ይባላል፤ ካይሮፕራክተሮች ልደታቸውን የሚቆጥሩት ከዚያ ቀን ነው። የሊላርድ ልጅ በኋላ የተናገረችው ግን ሌላ ነው። አባቷ ከጓደኛው ጋር ሲቀልድ ፓልመር ሰምቶ ሳቀና፣ በያዘው መጽሐፍ ጀርባውን መታ አደረገው፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ሰውየው «ጆሮዬ የተሻለው መሰለኝ» አለ። ሐኪሞች በሁለቱም ታሪክ ይስቃሉ፤ የመስሚያው ነርቭ ከጆሮ ወደ አንጎል የሚሄደው እዚያው ራስ ቅል ውስጥ ስለሆነ ከጀርባ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም።

ፓልመር ግን አላቆመም። እ.ኤ.አ. በ1897 ትምህርት ቤት ከፈተ፣ በ1906 ያለ ፈቃድ አክመሃል ተብሎ ታሰረ፣ በ1910 ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ ከመቶ 95 በሽታ የሚመጣው ከቦታው በተንሸራተተ የአከርካሪ አጥንት ነው አለ። ዘጠና አምስት! እኔ እንዲህ ያለ ቁጥር ስሰማ ኪሴን አጥብቄ እይዛለሁ። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ለብዙ ዘመን አባላቱን ከካይሮፕራክተር ጋር አትሥሩ ሲል ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 በፍርድ ቤት ተረታ። ዛሬ ከእነሱ መካከል ብዙዎቹ የመሥራቹን ቁጥር ትተው ወገብና አንገት ላይ ብቻ ይሠራሉ። አንዳንዱ ግን አሁንም አስምም፣ የሕፃን ለቅሶም በአከርካሪ አድናለሁ ይላል፤ እንዲህ የሚለውን ስታገኙ ጫማችሁን አድርጋችሁ ውጡ።

ለእኛ የእጅ ሕክምና እንግዳ አይደለም። ወጌሻው ወለምታን በቅቤ ያሻል፣ ውልቃትን ይመልሳል፣ ስብራትን በቀርከሃ ያስራል። የኳስ ሜዳው ባለሙያ እንኳ ዛሬም ወጌሻ ነው የሚባለው። ብዙ ሰው ከወጌሻ እጅ ተሽሎት ተነስቷል፣ አልክድም። ግን ደግሞ ቀርከሃው አለመጠን ጠብቆ ደም አላሳልፍ ብሎ፣ እጁ ወይም እግሩ ጠቁሮ በመጨረሻ የተቆረጠ ልጅ ታሪክ በየሆስፒታሉ የአጥንት ክፍል አለ፤ የእኛው ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈውበታል። ጥፋቱ የመጣው እጁ ከማያውቀው ነገር ላይ ሲገባ ነው። ካይሮፕራክተሩንም በዚሁ ሚዛን ነው የማየው። ዓመታት ተምሯል፣ ራጅ ማንበብ ያውቃል፤ ግን እሱም ቢሆን የሚገባበትና የማይገባበት ወገብ አለው።

በመጀመሪያ ያ «ቋ» የሚለው ድምፅ አጥንት ወደ ቦታው ሲገባ የሚሰማ አይደለም። በመገጣጠሚያው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ድንገት ሲለጠጥ የጋዝ ክፍተት ይፈጠራል፤ የካናዳ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ጣት ሲንቋቋ በኤምአርአይ ቀርጸው አሳይተዋል። ስለዚህ ድምፁ ስለጮኸ ታከምኩ አትበሉ፣ ስላልጮኸም ገንዘቤን ተበላሁ አትበሉ።

ይጠቅማል ወይ? ለተራው የወገብ ሕመም፣ መጠነኛ ጥቅም አለው። ከአሥር ሰው ዘጠኙን የሚይዘው የወገብ ሕመም ይህ ነው የሚባል አንድ የተሰበረ ወይም የተበላሸ ነገር የማይገኝበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ 47 ሙከራዎችን የሰበሰበ ጥናት፣ ወገቡ ለረጅም ጊዜ ለታመመ ሰው አከርካሪን በእጅ ማስተካከል እንደ ስፖርት ካሉት ከተለመዱት ሕክምናዎች ጋር እኩል እንደሚሠራ አገኘ። እኩል ነው፤ አይበልጥም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 መጨረሻ ባወጣው መመሪያ ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ከሚመክራቸው መካከል ስለ ሕመሙ ትምህርት፣ እንቅስቃሴ፣ የእጅ ሕክምናና ማሳጅ አሉ። ከማይመክራቸው መካከል ደግሞ መርካቶ የምንገዛው የወገብ ቀበቶ አለ። ቀበቶውን ለእናቱ የገዛ ካለ አይዘን፤ ብርድ ይከለክላል።

እንግዲህ ከተጂ አዲስ አበባ እየተመላለሰ ለካይሮፕራክተር የሚከፍል ሰው፣ በዚያው ገንዘብ ፊዚዮቴራፒስት አይቶት የሚያሠራውን እንቅስቃሴ ተምሮ ቤቱ ቢሠራ የሚቀርበት ብዙ አይታየኝም። ችግሩ ሐኪም «እንቅስቃሴ አድርግ» ሲለን መናቃችን ነው። መርፌ ያልወጋ ሐኪም ምን ሐኪም ነው!

ራስ ምታት ላይ ጨዋታው ይቀየራል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው፣ ከአለም ገና ተገንጥሎ በሚወርደው መንገድ ቡታጅራ አካባቢ፣ ቤት ለቤት ዞረው 15,500 አዋቂዎችን ጠይቀው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጽሑፍ ማይግሬን ያለበት ከመቶ 3 ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሌላ የአገራችን ጥናት ደግሞ ወደ 18 አደረሰው። አጠያየቁ ይለያይ ይሆናል፣ ኑሮውም ተለውጧል፤ ብቻ የሚያማቸው ጥቂቶች አይደሉም። እና ማይግሬንን አከርካሪ በማስተካከል? ኖርዌይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ሙከራ መቶ ያህል ታማሚዎችን ከፋፍለው፣ አንዱን ወገን በእውነተኛው፣ ሌላውን በማስመሰያው ሕክምና አከሙት። የሁለቱም የሕመም ቀን ቀነሰ፤ ልዩነት ግን አልተገኘም። ያሻላቸው ተስፋውና መነካቱ ነው ማለት ነው። ከአንገት ለሚነሳ ራስ ምታት ትንሽ ሊረዳ ይችላል፤ እሱም ቢሆን የራስ ምታቱ ምንጭ አንገት መሆኑ ከታወቀ በኋላ ነው።

ደግሞ ይሄ ስኒ አለ። በጾም ወይም በመንገድ ምክንያት የለመደውን ቡና ሳይጠጣ የዋለ ሰው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራሱን ይወቅረዋል፤ ሲጠጣ ይለቀዋል። ይህን ከአቦል በላይ የሚያክም ካይሮፕራክተር አልተወለደም። የሕመም ማስታገሻ በየቀኑ የሚውጠውም ሰው መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት እየሆነበት እንደሆነ ይወቅ።

አሁን ወደ ከበደው ልምጣ። ቲቢ አገራችን ውስጥ አለ፣ ሳንባ ብቻም አይዝም፤ አከርካሪ ላይ ይወጣል። ሰውየው ለወራት ወገቤን ይላል፣ ማታ ማታ ያልበዋል፣ ይከሳል፣ ትኩሳት ይመላለስበታል። በውስጥ አጥንቱ እየተበላ ነው። ይህን ጀርባ ወጌሻም ሆነ ካይሮፕራክተር ቢጫነው የተበላው አጥንት ተደርምሶ ህብለ ሰረሰሩን ሊጨፈልቀው ይችላል፤ በእግሩ የሄደው ሰው በቃሬዛ ይመለሳል። ያልታከመው ደግሞ ይጎብጣል። አዲስ አበባ ለአሥርት ዓመታት የኖሩት ዶክተር ሪክ ሆድስ በዚህና በሌላ ምክንያት አከርካሪያቸው የተጣመመ ብዙ ወጣቶችን ጋና ድረስ ለቀዶ ሕክምና ልከዋል። በጊዜ የተደረሰበት ግን በአብዛኛው በኪኒን ይድናል፤ የቲቢ መድኃኒት ደግሞ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው።

የወተቱም ነገር አለ። ሱሉልታና ሰበታ የወተት አገር ናቸው፤ ጥሬ ወተት የሚጠጣ ሰው ላሟን ከሚያስወርዳት ብሩሴሎሲስ ከተባለ በሽታ ጋር ሊገናኝ ይችላል። እሱም ትኩሳትና የወገብ ቁርጥማት ነው የሚያመጣው። መፍትሔው አንቲባዮቲክና ወተት ማፍላት ነው። ጓያ ያሰረው እግርም የእጅ ሥራ አይደለም፤ የተጎዳው ነርቭ ስለሆነ ጅማት ማሸት አይፈታውም።

ስለዚህ ወገቡን የታመመ ሰው እግሩ ከደከመ፣ ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው፣ በሁለቱ ጭኖቹ መካከል ከደነዘዘው፣ ከከሳና ካተኮሰው፣ ወይም ከወደቀ በኋላ ከሆነ፣ ከተጂ የሚቀርበውን ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወሊሶ ቅዱስ ሉቃስ ሆስፒታልን ወይም አዲስ አበባን ይያዝ። እጅ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። ጥሩ ካይሮፕራክተርም ይህንኑ ሳይጠይቅ አይነካችሁም፤ ሳይጠይቅ አልጋ ላይ ያስተኛችሁን ተነሱበት።

አንገትን ለብቻው ላንሳው። ወደ አንጎል ደም ከሚወስዱት ቧንቧዎች ሁለቱ በአንገት አጥንቶች ቀዳዳ ውስጥ ያልፋሉ። አንገት ድንገት ሲጠመዘዝ የቧንቧው ውስጠኛ ሽፋን ሊቀደድ፣ ደም ሊረጋበት፣ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው፣ ላስፈራራችሁ አይደለም። ክፋቱ፣ አንዳንዱ ሰው ቧንቧው አስቀድሞ ተቀዶ የሚሰማው አንገትና ራስ ምታት ብቻ ይሆንና «አስተካክሉኝ» ብሎ ይሄዳል።

እና ይህ የአንገት ጥምዘዛ በካይሮፕራክተር ብቻ የሚሆን እንዳይመስላችሁ። ፀጉር ቤት ስንቀመጥ ልጁ ጨርሶ ማጅራታችንን ያሻል፣ ከዚያ ሳንጠይቀው አገጫችንን ይዞ ወደ ቀኝ «ቋ»፣ ወደ ግራ «ቋ»። አንድም ቀን የደም ቧንቧ ትምህርት አልተማረም፤ እኛም አንድም ቀን አልጠየቅነውም። እኔ ፎጣው ሲነሳ «አንገቴን ተወው፣ ትከሻዬን እሸው» እላለሁ። ቅር ይለዋል፤ ጉርሻ ስጨምርለት ግን ይረሳዋል።