የፖርቶቤሎ ባለ ሜዳይ ወታደሮች

ለትምህርትም ሆነ ለሥራ ወደ ለንደን የመሄድ ዕድል ቢያጋጥምዎ፥ አንዲት ቅዳሜ ጧት ለፖርቶቤሎ መንገድ ይተዉልኝ። ኖቲንግ ሂል ጌት ከሚባለው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ወጥተው ጥቂት እንደ ተራመዱ የአሮጌ ዕቃው ገበያ ይጀምራል። የብር ማንኪያውንና የግድግዳ ሰዓቱን ይለፉት፤ እሱን የሚገዛ ሞልቷል። እኛ የምንፈልገው ከአንዳንዱ ጠረጴዛ ጥግ፥ በካርቶን ሣጥን ውስጥ ተደርድሮ የሚገኘውን የድሮ ወታደር ፎቶግራፍ ነው።

ካርዱ ትንሽ ነው፤ ቁመቱ 10፥ ወርዱ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ዲስዴሪ የተባለ የፓሪስ ፎቶግራፍ አንሺ በ1854 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአንድ የመስተዋት ሰሌዳ ላይ ብዙ ምስል የማንሣትን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ፤ ኋላ የተለመደው ስምንት ምስል ነው። ዋጋው በዚህ ምክንያት ስለ ረከሰ፥ ተራው ወታደርም ሜዳዩን ደረቱ ላይ ሰክቶ ለእናቱ የሚልከው ፎቶግራፍ አገኘ። በ1856 ንግሥት ቪክቶሪያ ራሷ ከክሪሚያ ጦርነት የተመለሱትን ወታደሮች ከንዳልና ሃውሌት በሚባሉ አንሺዎች አስነሥታለች። ቪክቶሪያ ክሮስ የተባለው ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ የተመሠረተውም በዚያው ዓመት ነው።

አሁን ካርዱን ወደ ብርሃን ይያዙት። ሜዳዩን ለማወቅ ሪባኑን ማየት በበቃ ነበር፤ ነገር ግን የዚያ ዘመን የፎቶግራፍ መድኃኒት አሳሳች ነው። ሰማያዊን ቶሎ ይቀበላል፥ ቀይንና ቢጫን ግን አያውቃቸውም። ስለዚህ ቀዩ እንደ ጥቁር፥ ሰማያዊው እንደ ነጭ ሆኖ ይወጣል። የክሪሚያ ሜዳይ ሪባን ፈዛዛ ሰማያዊ ሆኖ ጠርዙ ቢጫ ነው፤ በካርዱ ላይ ግን ጥቁር ጠርዝ ያለው ነጭ ጨርቅ ይመስላል። ይህን ያላወቀ ሰው ወታደሩን ያልዘመተበት አገር ያዘምተዋል! በቆርቆሮ ላይ የተነሣ ምስል ደግሞ እንደ መስተዋት ግራና ቀኝን ስለሚገለብጥ፥ ሜዳዩን በቀኝ ደረት ቢያዩት አይደነቁ። በአጉሊ መነጽር ሲታይ በጥቃቅን ነጠብጣብ የተሠራ ከሆነ ግን፥ በማተሚያ መኪና የተባዛ ነውና ገንዘብዎን ወደ ኪስዎ ይመልሱ።

ምናልባት መካከሉ ጥቁር፥ ዳርና ዳሩ ነጭ የሆነ ሪባን፥ ከሥሩም ዘውድ የደፋ ትንሽ ሜዳይ ያጋጥምዎ ይሆናል። መነጽሩን ያቅርቡ። ዘጠኝ ጫፍ ያለው ኮከብ ነው፤ በጫፎቹ መካከል አንዳንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ገብቷል፤ ዘጠኙ ሲገጣጠሙ «አቢሲኒያ» ይላሉ። ይህ ሰው ለመቅደላ ዘመቻ መጥቶ ነበር።

ሻጩ «ብርቅ ነው» ብሎ ዋጋውን ከፍ ያደርጋል። የወራሪን መልክ በገንዘብ መግዛት ነውር ነው የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እኔ ግን አቅም ካለዎ ይግዙት እላለሁ፤ የዐፄ ቴዎድሮስ ፎቶግራፍ አልተረፈንም፥ የዘመቱባቸው ግን እነሆ በሣጥን ውስጥ ናቸው፤ ፊታቸውንም ማየት ይገባናል። ከገዙም የካርዱን ጀርባ አስቀድመው ይዩ። የወታደሩ ስም በሜዳዩ ጀርባ ላይ ተቀርጿል፤ ፎቶግራፉ ግን ፊቱን ብቻ ያሳያል። ስሙ በቤተሰቡ አልበም ገጽ ላይ ተጽፎ ከነበረም፥ ነጋዴዎች ካርዱን ነቅለው ሲሸጡት ስሙ እዚያው ይቀራል። ይህ ንግድ ከሁሉ ይልቅ የሚያናድደኝ በዚህ ነው።

በዚያ ዘመቻ ቪክቶሪያ ክሮስ የተሸለሙት ሁለት ብቻ ናቸው፤ የ33ኛው ሬጅመንት ተራ ወታደር ጄምስ በርጊንና ከበሮ መቺው ማይክል ማግነር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፥ የመቅደላን ቅጥር ወጥተው ለጓደኞቻቸው መንገድ ከፈቱ። ንጉሡም የሞቱት በዚያው ዕለት ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች ስመ ጥር አንሺ ሕፃኑን ልዑል ዓለማየሁን በዋይት ደሴት ፎቶግራፍ አነሣችው። ልዑሉ በ1879 ሞቶ በዊንድዘር ተቀበረ።

ከገበያው ሲመለሱ በምድር ውስጥ ባቡር እስከ ስሎን ስኩዌር ሄደው፥ ከዚያ በእግር ወደ ቼልሲ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ይዝለቁ። የዐፄ ቴዎድሮስን የራስ ጠጉር ይዞ ኖሮ በ2019 ለኢትዮጵያ የመለሰው ይህ ሙዚየም ነው። መግቢያው በነጻ ነው፤ ሰኞ ግን ይዘጋል።