ሜጋውን ተዉት፣ ፒንጉን ንገሩኝ

ሰው ለጌም ኢንተርኔት ሲያስገባ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ስንት ሜጋ ነው?» እኛ ቤት ያለው ባለ ሲም ራውተር ፊልም ያለ ችግር ያወርዳል። ካውንተር ስትራይክ ሲከፈት ግን፣ በተለይ ማታ፣ ፒንጉ ከ130 ተነስቶ 600 ይገባል። ታናሽ ወንድሜ ቀድሞ ተኩሶ ቀድሞ ይሞታል። ባለፈው ከተመዘገበበት ውድድር የወጣውም በዚሁ ነው።

ጌም ብዙ ዳታ አይበላም፤ የሚፈልገው የማይዋዥቅ መስመር ነው። የሲም ኢንተርኔት ደግሞ አንድ ታወር ከሰፈሩ ሁሉ ጋር መሻማት ነው። ስለዚህ ፋይበር ከደረሳችሁ 10 ሜጋ ፋይበር ከ50 ሜጋ ሲም ይሻላል ባይ ነኝ። ግን ከመክፈላችሁ በፊት ያስገባ ጎረቤት ጋ ሄዳችሁ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ፒንግ ለኩ። ኮምፒውተሩን ከራውተሩ ጋር በኬብል አገናኙ፤ ዋይፋዩ ለስልክ ይቅር። መብራት ሲጠፋ ራውተሩን የሚያቆይ ትንሽ ባትሪም ያዙ (ኮምፒውተሩ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው)።

ከዚህ በኋላ ያለው ከእጃችን ውጪ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት ደርሶ ለመመለስ በቀጥታ መስመር እንኳ ከ50 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይፈጃል። የኛ መስመር ደግሞ በጎረቤት አገር ዞሮ ነው ባሕር የሚገባው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ቀይ ባሕር ውስጥ ኬብሎች ተቆርጠው እንደነበር ታስታውሳላችሁ።

ለባሕር ኬብል ማንንም አልወቅስም። የማታው መጨናነቅ ግን የሻጮቹ ነው። ማስታወቂያው ላይ ከሜጋው ጎን የማታውን ፒንግ ቢጽፉልን እኮ ጎረቤት ለጎረቤት እየዞርን አንለካም ነበር።