ማር ለፊት፣ ቅቤ ለራስ
ከቢቸና እስከ ሞጣ፣ ጥቅምት 2010

የመጀመሪያው ቀን። ከመርካቶ አውቶቡስ ተራ የተነሣነው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ገና አልነጋም፣ ብርዱም ጥርስ ያንገጫግጫል። ቲኬቱ እስከ ቢቸና 130 ብር ነበር፣ ሻንጣዬን ጣሪያ ላይ የሰቀለልኝ ልጅ ደግሞ 10 ብር ወሰደ። ከመንገዱ ወጪ ለይቼ በፖስታ ያሸግኳት ሌላ 300 ብር ነበረችኝ፤ የዚህ ጉዞ ሰበብ እሷ ናት። አዲስ አበባ ከጓደኞቼ ጋር ቡና በጠጣን ቁጥር ወሬው ዞሮ ዞሮ ፊት ላይ ያርፋል። አንዷ ሎሚ ትላለች፣ ሌላዋ እርድ በማር፣ ሦስተኛዋ ተልባ። ሁሉም የሚስማሙት «የቤት ነገር ርካሽ ነው» በሚለው ነው። እኔ ደግሞ ቢቸና አክስት አለችኝ፤ እሷ ዘንድ ሰንብቼ፣ በ300 ብር ፊቴንም ፀጉሬንም ላድርሰው ብዬ ተነሣሁ። ከዚያችው ላይ ቫዝሊን በ25፣ ሊፕስቲክ በ35 ብር ገዝቼ ስለነበር ስነሣ የቀረችኝ 240 ናት።

ከጎኔ የተቀመጡት እናት የየጥኖራ ሰው ናቸው፤ ደጀን ላይ ወርደው ሌላ መኪና ይይዛሉ። አንገታቸው በንቅሳት ተከቧል፤ ቀለሙ ከዕድሜ ብዛት ወደ አረንጓዴ አድልቷል። በስንት ዓመታቸው እንደተነቀሱት ጠየቅኳቸው። «ሳልዳር ነዋ፣ ደግሞ ከተዳሩ በኋላ ለማን ሊሆን!» ብለው ሳቁ።

ጎሐ ጽዮን ቁርስ ቆምን፤ ፍርፍርና ሻይ 35 ብር። ከዚያ የዓባይን በረሃ መውረድ ጀመርን። መውረዱን ስንጀምር ጋቢ ተከናንቤ ነበር፤ በጃፓን እርዳታ የተሠራው ድልድይ ላይ ስንደርስ ሹራቤን ሁሉ አውልቄያለሁ። ዝንጀሮዎቹ መንገድ ዳር ተቀምጠው ያዩናል። የደጀንን ዳገት ስንያያዝ ቦርሳዬን ብከፍት ሊፕስቲኩ ቀልጦ ክዳኑን አልፏል፤ መሐረቤም፣ ማስታወሻ ደብተሬም፣ የመታወቂያዬ ጫፍም ቀልቷል። እኒያ እናት አይተው «ደም ነው እንዴ?» ብለው ደነገጡ። የከንፈር ቀለም ነው ስላቸው ዝም ብለው ቆዩና «ስንት ገዛሽው?» አሉ። ነገርኳቸው። ምንም አልመለሱም።

ቢቸና የደረስነው ከቀኑ 8 ሰዓት አልፎ ነው፤ ከአዲስ አበባ 265 ኪሎ ሜትር ነው ይላሉ። ከደጀን ወዲህ ያለው ሜዳ ግራና ቀኙ ጤፍ ነው፤ ገና አልጎመራም፣ ነፋስ ሲነካው እንደ ውኃ ይሄዳል። አክስቴ አደባባይ ድረስ ወጥታ ጠበቀችኝ። ራት ሽሮ ነበር፣ እንጀራው ግን ነጭ ማኛ። «በጥቅምት አንድ አጥንት እያሉ እኔ ጽጌ ይዣለሁ፣ አንች ከፈለግሽ ነገ ሥጋ እናመጣለን» አለችኝ። እኔም ሽሮው ይሻለኛል አልኩ።

ሁለተኛው ቀን። ሌሊቱ ብርድ ነበር፤ ጠዋት ከንፈሬ ተሰነጣጥቆ፣ ጉንጬ ላይ ቆዳዬ እንደ ድርቆሽ ሆኖ ተነሣሁ። የገበያ ቀን ስለነበር ከአክስቴ ጋር ወጣን።

ቅቤ ተራ ሴቶቹ በረድፍ ተቀምጠዋል፤ አንዷ ዘንድ በቅል፣ ሌላዋ ዘንድ በጣሳ ነው፣ ላዩ ላይ ዝንብ እንዳያርፍበት ቅጠል ጣል ተደርጎበታል። ገዢ ሁሉ ጣቱን ሰዶ ያሸታል። አንዲት ቅቤ ሻጭ ከኔ አስቀድማ «ለወጥ ነው ለራስ?» አለችኝ። ልዩነቱን አላውቀውም ነበር። ለራስ የሚሆነው ለጋው ነው፤ ትንሽ የቆየው ለወጥ ይሄዳል፣ ተነጥሮ በቅመም ይመለሳልና። ከለጋው ሩብ ኪሎ በ48 ብር ወሰድኩ። ማር ሩብ ኪሎ 35 ብር። ሁለቱ ብቻ 83 ብር በሉ፤ ርካሽ የተባለው የቤት ነገር እዚህ ላይ ነው ያስደነገጠኝ። አዲስ አበባ ያሉት ጓደኞቼ እንዲህ የሚሉት ቅቤው ከዘመድ ቤት፣ ማሩ ከመሶቡ ጎን ስለሚገኝላቸው ይሆን?

የቀረው ግን በእርግጥም ርካሽ ነበር። ተልባ በ5 ብር፣ የተፈጨ እርድ በ5 ብር፣ ሁለት ሎሚ በ4 ብር፣ አንድ እስር አደስ በ3 ብር። እንሶስላ የምትሸጥ ልጅ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ሥሩ አፈር የለበሰ ትንሽ ድንች ይመስላል። እሷ ግርሽጥ ነው የምትለው። አንድ እፍኝ በ6 ብር ሰጠችኝና ሁለት ጨመረችልኝ። ኩል የሚሸጡት አሮጊት ደግሞ ድንጋዩን ራሳቸው ወቅጠው በስስ ጨርቅ እንደሚነፉት ነገሩኝ፤ ትንሽ ብልቃጥ ከነመኳያው 10 ብር። ጥቁረቱ እርሳስ እንደሚባለው ብረት ብልጭ ይላል።

ከሰዓት በኋላ ሎሚ፣ ማርና እርድ ቀላቅዬ ፊቴን ቀባሁና በረንዳ ላይ ፀሐይ ሞቅኩ። አክስቴ ከጓሮ ስትመለስ አየችኝ። መጀመሪያ አማተበች። ከዚያ ጣቷን ወደ ጉንጬ ሰድዳ ቀመሰችው።

«ማር ነው?»

«አዎ።»

«አንች ልጅ፣ ማር እኮ ይበላል!»

ቁጣ አልነበረም፣ ከልቧ መገረም ነው። ታጠብኩት፤ ማሩ ለቀቀ፣ እርዱ ግን አልለቀቀም። ሽንት ቤቱ መንገድ ላይ የጎረቤት ልጆች አይተውኝ አንዱ «የወፍ በሽታ ይዟታል!» ብሎ ሮጠ። ሁለት ቀን ቢጫ ሆኜ ሰነበትኩ።

ሦስተኛው ቀን። የሎሚው ነገር በማግስቱ ታየ። ግንባሬና ጉንጬ ላይ በጣት የተጎተተ የመሰለ ቀይ መስመር ወጣ፣ ያቃጥላል። የቀባሁበት ሁሉ አልነበረም፣ ሎሚው በዝቶ የፈሰሰበት ብቻ ነው። አክስቴ ቀዝቃዛ ውኃ በጨርቅ እያደረገች ያዘችልኝ፤ ሌላ ነገር አልጨመረችበትም፣ ደግ አደረገች።

ስለዚህ የዛሬው ቀን የራስ ነው። አደሱን ወቅጣ ከለጋው ቅቤ ጋር አሸችው፤ ሽታው ቤቱን ሞላው፣ ቅጠሉ ከቅቤው ይልቅ ይሸታል። ከዚያ ሁለት ጉልበቷ መካከል አስቀምጣኝ ራሴን በመስመር በመስመር እየከፈለች ቀባችኝ። ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። እኔ ጉልበቷ ላይ ተደግፌ አንቀላፋሁ፤ እሷ የጎረቤት ወሬ ታወራለች፣ አንዳንዴ መልስ ስትጠብቅ ጆሮዬን ትጎትታለች። አናቴ ላይ አንድ ጉርሻ የሚያህል ቅቤ አስቀምጣ ተወችው። ፀሐይ ላይ ስወጣ በዝግታ እየቀለጠ በግንባሬ፣ በአንገቴ፣ በጀርባዬ ወረደ። ሻሽ አስሬ አደርኩ። ትራሱን ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ።

አራተኛው ቀን። ቅቤው በእንዶድ ታጠበ። የደረቀውን ፍሬ ሲወቅጡት ብናኙ አፍንጫ ይገባል፤ አክስቴም እኔም ስናነጥስ ዋልን። ውኃ ሲነካው አረፋው እንደ ሳሙና ይነሣል፣ ዓይን ከነካ ግን አይጣል ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው የቢልሃርዚያን አስተላላፊ የሚገድል መሆኑን የደረሱበት። ይህን ለአክስቴ ነገርኳት። «ቀንድ አውጣ ከገደለ አንችን ምን ያደርግሻል?» አለችኝ። መልሱን ስላላወቅኩት አለቅልቄ ዝም አልኩ። ፀጉሬ ግን ሻካራነቱን ትቶ እንደ ጥጥ ለሰለሰ። ተልባውንም ቀቅዬ በስስ ጨርቅ አጠለልኩት፤ ንፍጥ የመሰለው ውኃ ፀጉር ያሲዛል፣ ፊት ላይም ሲደርቅ ወጠር ያደርጋል። ከገዛኋቸው ሁሉ ለዋጋው ያልከሰርኩበት እሱ ነው።

ማታ የጎረቤት ልጃገረዶች ተጠርተው እንሶስላ ሞቅን። ሥሩን ልጠው በሙቀጫ ሲወቅጡት መጀመሪያ ነጣ ያለ ነው፣ አየር ሲያገኘው እያደር ይቀላል። በመዳፌ፣ በጣቶቼ ጫፍ፣ በተረከዜ ለጥፈው በጉሎ ቅጠል ጠቀለሉት፣ ከላዩ በጨርቅ አሰሩት። ከዚህ በኋላ ሁለት እጄ የለም። ቡናውን ያጠጡኝ እነሱ ናቸው፣ ቆሎውንም እየቆነጠሩ አፌ ውስጥ ይከታሉ፣ አፍንጫዬን ሲበላኝ አንዷ ታክልኛለች። ለምን «መሞቅ» እንደሚባል ጠየቅኩ፤ ሁሉም ተያዩ። አክስቴ «ይሞቃላ!» ብላ ዘጋችው። እኔ እንኳ ቀዝቅዞኝ ነው ያደርኩት።

ጠዋት ሲፈታ ብርቱካን የመሰለ ነበር፤ ወደ ቀትር ጠቆር ብሎ ቀላ። ጥፍሬ ላይ ያለው ከየትኛውም የጥፍር ቀለም ይበልጣል። ዋጋው 6 ብር ነበር፣ ከአራት ሰው ሌሊት ጋር።

አምስተኛው ቀን። ወደ ሞጣ በሚኒባስ 50 ብር። ከቢቸና ወደ መቶ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ነው፣ በደብረ ወርቅ በኩል ያልፋል። ደብረ ወርቅ ላይ ሰው ለማውረድ ስንቆም ማርያምን ከሩቅ ተሳለምኩ፤ ደበሎ የለበሱ ሁለት የቆሎ ተማሪዎች ወንበር ስላልነበረ ቆመው ተጓዙ። አንደኛው እጄን አይቶ «ሰርግ ነው?» አለኝ። አይደለም ስለው ነገሩ ያልገባው መሰለ።

ሞጣ ሰፋ ያለች ከተማ ናት፤ ባጃጅ፣ አስፋልት ዳር የተደረደሩ ሱቆች፣ ከሰዓት በኋላ የሚነሣ አቧራ። አልጋ 80 ብር ያዝኩ። ራት ጥብስ በላሁ፤ የአክስቴን ጽጌ አስታውሼ ትንሽ ከበደኝ።

ስድስተኛው ቀን። መጀመሪያ መድኃኒት ቤት ሄጄ ፊቴን አሳየሁ። ባለሙያው ወጣት ነው፣ አንዴ አይቶ «ሎሚ ነው አይደል?» አለኝ። የሎሚ ጭማቂ ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ጠባሳው ለሳምንታት ይቆያል። ደግሞም እዚህ ከ2400 ሜትር በላይ ነን፤ በየ1000 ሜትሩ ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የፀሐይ መከላከያ ቅባት 400 ብር ነው አለና ፊቴን አይቶ ሳቀ፤ «ጃንጥላ ግዢ፣ ነጠላም ይበቃል፤ ለድርቀቱ ቫዝሊንሽ ጥሩ ነው።» ከማር፣ ከሎሚና ከእርድ ሁሉ የሚሻለው ከአዲስ አበባ ይዤው የመጣሁት የ25 ብሩ ቫዝሊን ሆኖ ተገኘ።

ኩሉንም አሳየሁት። እንዲህ የሚያበራው የኩል ድንጋይ ብዙ ጊዜ እርሳስ ያለበት ማዕድን እንደሆነ ነገረኝ፤ ከጥንት ግብፆች ጀምሮ ሲኳሉት የኖሩት ነው፣ በተለይ ለሕፃናት ዓይን እንዳይሆን ብሎ አጥብቆ ተናገረ። እኔ ደግሞ ለአክስቴ የልጅ ልጅ ልልከው አስቤ ነበር። ከሁሉ በላይ የሚያስመርረው ግን ሴት ልጆች ለመቅላት ብለው ክሎቤታሶል እየጠየቁ መምጣታቸው ነው፤ ለቆዳ በሽታ በሐኪም የሚታዘዝ ኃይለኛ መድኃኒት ነው፣ ሲዘወተር ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ሥር ያወጣል። አንዳንዱ ማቅያ ክሬም ውስጥ ደግሞ ኩላሊት የሚጎዳ ሜርኩሪ አለ። «አልሸጥም ስላቸው ሱቅ ሄደው ይገዙታል» አለ።

ከዚያ ፀጉር ቤት። ሹሩባ 40 ብር። የምትሠራኝ ልጅ ራሴን ገና ስትነካው «ቅቤ የማን እጅ ነው?» አለችኝ፤ እንዲህ እኩል የተዳረሰ ቅቤ በሰው ካልሆነ በራስ እጅ አይሆንም ማለቷ ነው። ሙሽሮችንም የምታስውበው እሷ ናት። ያላት ፋውንዴሽን ሦስት ዓይነት ብቻ ነው፣ ሦስቱም ከእኛ ቆዳ የነጡ። እንዴት ትሠሪበታለሽ አልኳት። ቡናማ የከንፈር እርሳስ በምላጭ ፋቀች፣ ፍቅፋቂውን እጇ መዳፍ ላይ ከፋውንዴሽኑ ጋር በትንሽ ቫዝሊን አሸችው፣ እንደ ወጥ እያየች እርሳስ ጨመረች፣ ከዚያ አንገቴ ሥር ነካ አድርጋ ወደ በሩ ብርሃን አዞረችኝ። ጠፋ፤ ከቆዳዬ አይለይም። «ፊቷ ላይ የምትሞክር ዱቄት የተነፋባት ትመስላለች» አለች። ሰው ሁሉ ሜካፕ ቢልም እሷ ደንበኞቿን «ላኳኩልሽ?» ነው የምትላቸው፤ ያ ዓይን ውስጥ እንኳ ያልገባ ኩል ቃሉን ለሁሉም አውርሷል። ከጎረቤት ሱቅ ፓውደር በ45 ብር ገዛሁ፤ አሁንም ነጣ ያለ ነው፣ ግን ዘዴውን ተምሬያለሁ።

ሰባተኛው ቀን። በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ። ቢቸና ላይ መኪናው ሩብ ሰዓት ሲቆም አክስቴ ለራሴ የሚሆን ቅቤ በጣሳ አምጥታ በመስኮት አቀበለችኝ፣ ክዳኑን በጨርቅ አስራዋለች፤ የዓባይ ሙቀት እንዳያፈሰው። ሂሳቤን ያደረግኩት ከዚያ ወዲያ ነው፤ ከ300 ብሬ 39 ብር ተርፎኛል። ኩሉን ከነብልቃጡ ለጌጥ አስቀምጠዋለሁ። ከሩብ ኪሎ ማሩ ደግሞ እኩሌታው አሁንም አለ።

ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ሞቅ ያለ ዳቦ ገዛሁ፣ ማሩን ከፍቼ በቀይ ጣቶቼ እየጠቀስኩ በላሁት።