፲፱፼፵፫፻፲፫

ጥር 23 ቀን 2018፣ ቅዳሜ

ከመገናኛ ገርጂ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጡ እናት "አምና ነነዌ የካቲት 3 ነበር የገባው፤ ዘንድሮ ምነው ተቻኮለ?" አሉ። ከጎናቸው ያለችው ልጅ ስልኳን ከፍታ "ጥር 25 ነው የሚለው፣ እማማ" ብላ ዘጋችው። ምክንያቱን የነገራቸው የለም።

ጥር 24፣ እሑድ

ከቦሌ መድኃኔዓለም ተመልሼ ጾመ ነነዌ የሚገባበትን ቀን በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያኑ የዘመን ስሌት፣ ላወጣ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዝኩ። 5500 ላይ 2018 ሲደመር ዓመተ ዓለም 7518። ለ4 ሲካፈል 2 ይቀራል፤ ዘመነ ማርቆስ። ለ19 ሲካፈል 13 ይቀራል፤ አንዱን ለዘመን ትተን ወንበር 12። በ19 አባዝተን 30 ሠላሳውን ስንገድፍ መጥቅዕ 18 ይሆናል። መስከረም 18 የዋለው እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ (የሚጨመረው ቁጥር) 7። 18 እና 7፣ 25፤ ነነዌም ጥር 25። አምና ግን መጥቅዑ 29 ነበር፤ የዋለውም ረቡዕ፣ ተውሳኩ 4። ድምሩ 33 ሆኖ ከጥር አልፎ የካቲት 3 ላይ አረፈ። እማማን መልሼ ባገኛቸው ይህን እነግራቸው ነበር።

የአምናው 2017ም ሆነ ዓመተ ዓለሙ 7517 ከ1ና ከራሳቸው በቀር ለሌላ ቁጥር እኩል አይካፈሉም። እንዲህ መግጠሙ የሂሳብ ሰው ደስ ይለው ይሆናል። ባሕረ ሐሳብ ግን ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ የሚፈልገው ቀሪውን ነው።

ጥር 25፣ ሰኞ

ገርጂ ምሳ የምበላበት ቤት በሩ ላይ "የጾም ምግብ አለ" ብሎ ለጥፏል። ሽሮው እስኪመጣ ድረስ በናፕኪን ላይ ወደ ዐቢይ ቀመር ገባሁ።

ዐቢይ ቀመር 532 ዓመት ነው፤ 4 በ7 በ19። አራቱ ለወንጌላውያኑ፣ ሰባቱ ለዕለታቱ፣ 19ኙ ለጨረቃ። ከሦስቱ የትኞቹንም ሁለት እኩል የሚያካፍል ከ1 በቀር ስለሌለ፣ ሦስቱም ዑደቶች አብረው ወደ መነሻቸው የሚመለሱት 532 ዓመት ሲሞላ ብቻ ነው። በቀን ሲቆጠር 194,313 ይሆናል። በአራት ዓመት ውስጥ 1,461 ቀን አለ፤ እሱን በ7 እና በ19 ማባዛት ነው። ለ7 እኩል ስለሚካፈል ሰኞ ወደ ሰኞ ይመለሳል። በግዕዝ ፲፱፼፵፫፻፲፫ ተብሎ ሲጻፍ ደግሞ 19፣ 43፣ 13 እየተባለ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይነበባል። ለእኔ ዓይን ከኮማው ይልቅ ይህ ያምራል።

የካቲት 9፣ ሰኞ

ዐቢይ ጾም ገባ፤ እኔም ወደ ቀመሩ ተመለስኩ። የጎርጎርዮሳዊው የፋሲካ ዑደት ሙሉ ለሙሉ የሚደገመው በ5,700,000 ዓመት ነው። የእኛ በአንድ ወረቀት ያልቃል። እርግጥ ጨረቃዋ በትክክል አትታዘዝም፤ በ532 ዓመት ውስጥ ወደ ሁለት ቀን ገደማ ከስሌቱ ትዛነፋለች። ይህን ያህል ለቀለለ ሂሳብ ዋጋው ውድ አይደለም።

በሦስቱም ዑደቶች እንደ ዘንድሮው ያለ ዓመት በዐፄ እስክንድር ዘመን፣ በ1486 ዓ.ም. ነበር። የሚመለሰው በ2550 ዓ.ም. ነው፤ ያኔም ነነዌ ጥር 25፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4።