ዱባና ቡና በአንድ ስኒ

«ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» የሚለው ተረት በየትምህርት ቤቱ የሚጠቀስ፣ በየሸንጎውም ነገር ማሳመሪያ ሆኖ የኖረ አባባል ነው። ተረቱን መጀመሪያ የተናገረው ገበሬ ያወሳው በአጥሩ ላይ ያየውን ነበር፤ አንዱ ለድስት፣ ሌላው ለዕቃ የሚሆን ሁለት ሐረግ። የዕፅዋት ሊቃውንት ግን ልዩነቱን ከአጥሩ አርቀው ይወስዱታል። ቅል የአፍሪካ ምድር ጥንታዊ ልጅ ሲሆን፣ ዱባ ከአሜሪካ ክፍለ ዓለም ውቅያኖስ አቋርጦ የመጣ እንግዳ ነው። እንግዳው በሐበሻ ጓሮ ከሰፈረ ጥቂት መቶ ዓመታት ቢሆኑትም፣ ዛሬ ባዕድ ነው ቢሉት የሚያምን የለም።

ይኸው እንግዳ በአንድ የመስከረም ሰንበት፣ ባሕር ዳር ውስጥ ከጣና ዳርቻ ብዙም በማይርቅ ግቢ፣ እናትንና ልጅን አከራከረ። የክርክሩ ጉዳይ ዱባ ከቡና ጋር በአንድ ስኒ ይግባ አይግባ የሚል ነበር። ነገሩ ሲሰሙት ለሳቅ እንጂ ለቁም ነገር የሚበቃ አይመስልም። የእናቲቱ ፊት ግን የሳቅ ፊት አልነበረም።

ልጅቱ ለዓመታት ዋሽንግተን ኖራ፣ በዚያም በአንድ ቡና ቤት ሠርታ፣ ለመስቀል አገሯ የገባች ናት። በሠራችበት ከተማ የመፀው ወራት ሲገባ ሁሉም ሰው የሚጠይቀው አንድ ዓይነት መጠጥ አለ፤ በወተት በተቀጠነ ቡና ላይ ቀረፋ፣ ዝንጅብል፣ ገውዝና ቅርንፉድ ያለበት የዱባ ማጣፈጫ የሚጨመርበት። ስታርባክስ የተባለው ኩባንያ ይህን መጠጥ እ.ኤ.አ. በ2003 በቫንኩቨርና በዚያው በዋሽንግተን ሞክሮ ገበያ ላይ አዋለው። የሚያስደንቀው ግን እስከ 2015 ድረስ በማጣፈጫው ውስጥ ዱባ አለመኖሩ ነው። ቅመሙ አሜሪካኖች ለዱባ ጣፋጭ የሚጠቀሙበት ስለሆነ ስሙ ብቻ ለመጠጡ ተሰጠው። ስም ይዞ አካል የሌለው ነገር በቡና ቤት ብቻ የሚገኝ አይደለምና በዚህ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ልጅቱ የፈለገችው አካል ያለውን በእናቷ ማድቤት ሠርታ ለእናቷ ማቅመስ ነበር።

ዱባው የተገዛው ከቅዳሜ ገበያ ነው። ልጅቱ መልኩ ያማረውን ትልቁን ስታነሳ እናት ከእጇ ተቀብለው መለሱትና፣ ቆዳው የጠነከረ፣ በጥፍር ሲጫኑት የማይበሳ፣ ከሐረጉ የተቆረጠበት ጫፉ የደረቀ መካከለኛ ዱባ መረጡ። ያልጠና ዱባ ውኃው ይበዛል፤ ወጡንም ያቀጥናል። ቀረፋውና ቅርንፉዱ ከኮረሪማው ጎን ተዘርግተው ተገኙ። እናት በቅመሞቹ ላይ ያነሱት ተቃውሞ አልነበረም፤ ቀረፋና ቅርንፉድ በሻያቸው፣ ኮረሪማ በቅቤያቸው፣ ጤና አዳም በቡናቸው የኖሩ ናቸው። በገጠር በጨው የሚጠጣውንም ቡና ያውቃሉ። ቡና ምንም ሳይነካው መጠጣት አለበት የሚለው ሐሳብ የከተማ ሰው ፈጠራ ነው።

ሥራው ይህን ይመስል ነበር። ዱባው ተሰንጥቆ ፍሬው ወጣ፤ ከነቆዳው በትልልቁ ተቆርጦ በተከደነ ድስት፣ በጥቂት ውኃ እንፋሎት በሰለ። በብዙ ውኃ የተቀቀለ እንደሆነ ጣዕሙ ከውኃው ጋር ይደፋል። ሥጋው ከቆዳው ተፍቆ በወንፊት ተጠለለ። በሌላ ድስት አንድ ብርጭቆ ውኃ፣ አንድ ብርጭቆ ስኳር፣ ሁለት ቁራጭ ቀረፋ፣ ስድስት ቅርንፉድ፣ የአውራ ጣት ያህል የተቀጠቀጠ ዝንጅብልና ጥቂት ገውዝ አብረው ፈሉ። ከዚያ አንድ ብርጭቆ ዱባ ገብቶ፣ ማማሰያውን እስኪለብሰው ድረስ በለዘበ እሳት ከሩብ ሰዓት በላይ ተማሰለ። እናት እስከዚህ ድረስ ዝም ብለው ሲያዩ ቆይተው ሁለት ነገር ለወጡ። ስኳሩ በሚቀጥለው ጊዜ በግማሽ ይቀንስ፣ ግማሹ በጎጃም ማር ይተካ፤ ማሩም ድስቱ ከወረደ በኋላ ይግባ፣ የፈላ ማር መዓዛው ይሞታልና፤ አሉ። ሁለተኛው ኮረሪማ ነው። ከቅርፊቱ ፈልቅቀው፣ ጥቂት አመስ አድርገው፣ ወቅጠው ጨመሩበት። ልጅቱ የተጣራ የጣሳ ወተት ልትጨምር ስትል ደግሞ፣ «ረቡዕና ዓርብ ማን ሊጠጣልሽ ነው?» ብለው ከለከሏት። ወተት የሌለበት ማጣፈጫ ለጾምም ለፍስክም ይሆናል። በማቀዝቀዣ አንድ ሳምንት ያህል ይቆያል፤ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ግን ከሦስት ቀን በላይ ባያምኑት ይሻላል።

ጠቡ የተነሣው ልጅቱ ማጣፈጫውን በማንኪያ ይዛ ወደ ጀበናው ስትጠጋ ነው።

«ጀበናዬን እንዳታስነኪው!»

ለዚህ የሚሰጥ በቂ ምክንያት አለ። የጀበና አንገት ጠባብ ነው፤ የዱባው ዝቃጭ ከታች ተጣብቆ ይኮመጥጣል፤ ሸክላውም የገባበትን ሽታ አይለቅም። ልጅቱ ይህን ተረድታ፣ «እሺ፣ በስኒው ይሁን» አለች። እናት ግን በስኒውም አልወደዱትም። ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ «እኛ ቤት ዱባ የሚገባው ቡና ሲወጣ ነበር» አሉ።

እናት የዘጌ ተወላጅ ናቸው። ዘጌ ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል የሚያስኬድ፣ ወደ ጣና የገባ ልሳነ ምድር ነው። በጥላ ዛፎች ሥር ያደገው የቡና ደን ከእነ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና ከእነ አዝዋ ማርያም አጸድ ጋር ተያይዞ እስከ ውኃው ይወርዳል። በትውፊት እንደሚተረከው፣ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሰብረው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ፤ ሕዝቡም በእነዚህ እንዲኖር፣ በሬ ጠምዶ እንዳያርስ፣ ከብትም እንዳያረባ ተገዘተ። ትውፊቱን እንደ ታሪክ የሚቀበልም፣ እንደ ጥበብ የሚያደንቅም አለ። ደኑን ያቆየው ግዝት መሆኑን ግን ሁለቱም አይክዱም።

የግዝቱን ዋጋ የሚያውቀው ደግሞ ጓዳ ነው። የማያርስ ሰው እህሉን ይገዛል። ቡናውና ሎሚው በደንገል ታንኳ ወደ ማዶ ይሻገራል፤ ጤፉና ዳጉሳው በዚያው ታንኳ ይመለሳል። ቡናው በሚገባ ያፈራበት ዓመት ጎተራው ይሞላል። ባላፈራበት ዓመት፣ ክረምቱ ገፍቶ ነሐሴ ሲያልቅ፣ የማዶው ገበሬም አዲስ እህል ገና አላጨደምና የእህል ዋጋ ሰማይ ይነካል። በዚህ ጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው ዱባ ነው። እናት በልጅነታቸው ያዩት አንድ ክረምት አለ። አባታቸው ለእንግዳ የተቀመጠችውን የመጨረሻ ቁና ቡና ተሸክመው ወጡ፤ ሲመለሱ ታንኳው ዱባ ጭኖ ነበር። ቤተሰቡ እስከ መስቀል ያንን በላ።

ከረሃቡ ይልቅ ለእናት የማይረሳቸው ግን ሌላ ነው። በዘጌ የቡና ቁላት ሽታ የጥሪ ደወል ነው፤ ጎረቤት ሽታውን ተከትሎ ይመጣል። ቡና ባልነበረበት በዚያ ወር አያትየው ገብስ አሳርረው በጀበና አፈሉ። ሽታው ገብስ መሆኑን አጥሩ ሁሉ አወቀ፤ ጎረቤትም ለማሳፈር አልፈለገምና አንድም ሰው ሳይመጣ ቀረ። አያትየው ረከቦቱን እንደ ዘረጉት ስኒዎቹን ሳይቀዱ ሰበሰቡ። በዚያ ቤት ቡናና ዱባ በአንድ ጣሪያ ሥር ተገናኝተው አያውቁም፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ወጥቶ ነበር።

ልጅቱ ይህን ሰምታ አታውቅም። ባሕር ዳር ተወልዳ ያደገች ናት፤ እናቷም አልነገሯትም። በባዕድ ከተማ ቆማ ለሺህ ሰው የቀዳችው መጠጥ በቤቷ ውስጥ ምን እንደሚባል ያወቀችው ማንኪያውን በእጇ እንደያዘች ነው። ማጣፈጫውን አንስታ ልታስቀምጥ ስትል እናት፣ «አስቀምጪው አላልኩም» አሉ።

ቡናው ተፈላ። በአቦሉ ላይ ልጅቱ አንድ ማንኪያ ጨምራ፣ «እማዬ፣ ቅመሺው» አለች። እናት ቀምሰው፣ «ጣፍጧል። ቡናው ግን የት ሄደ?» ሲሉ ሁለቱም ሳቁ። በቶናው ግማሽ ማንኪያ ሆነ፤ ጤና አዳሙም ወጣ፤ ከቀረፋው ጋር ተጣልቶ ነበርና። እንደ እውነቱ ከሆነ የተስማማው በበረካው ነው። አቦል ኃይሉ የራሱ ነውና ረዳት አይሻም። ሦስተኛው የቀጠነ፣ ከቡናነት ይልቅ ለጨዋታ የሚጠጣ ስለሆነ፣ ኮረሪማውና ማሩ ደገፉት። ይህን ያገኙት እናት እንጂ ከዋሽንግተን የመጣችው ልጅ አይደለችም።

በዚህ መካከል የቁላቱ ሽታ ሥራውን ሠርቶ ኖሮ ሁለት ጎረቤቶች ገቡ። ልጅቱ ማጣፈጫውን ያስቀመጠችበትን ጎድጓዳ ሳህን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈን አደረገችው። ከጎረቤቶቹ አንዷ አይታ፣ «ምንድን ነው እሱ?» አለች። ልጅቱ መልስ ስትፈልግ እናት ቀደሟት።

«ዱባ ነው» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ለበረካው ነው። ቆዩ፣ ትቀምሱታላችሁ።»

ጎረቤቶቹ ቀመሱ። አንዷ ወደደችው፤ ሌላዋ ሻይ ላይ ቢሆን ይሻል ነበር አለች፤ ጨዋታውም ወደ መስቀል ደመራ አመራ። ሲመሽ እናት ከዱባው የወጣውን ፍሬ አጥበው በሰፌድ አሰጡት። ልጅቱ ለቁርስ ሊቆሉት ነው ብላ ምጣዱን ስታቀርብ፣ ግማሹን በእፍኛቸው ለይተው በጨርቅ ቋጠሩና፣ «ይኼ ለሰኔ ነው፤ አጥሩ ላይ አወጣዋለሁ» አሏት።